ትርፍ ጊዜ የማን ነው?

የሚከተለው ምንባብ አንድን አስተያየት ይዞ የሚከራከር ድርሰት ነው። በምታነቡበት ጊዜ ጸሐፊው የተነሣበትን ዋና ሐሳብ፣ ሐሳቡን ለመደገፍ ያቀረባቸውን ማስረጃዎችና ለተቃራኒው ወገን የሰጠውን መልስ ለይታችሁ አስተውሉ።

በአማርኛ «ትርፍ» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ የቀረ፣ ባይኖርም የማይጎዳ ነገር ማለት ነው፤ በአውቶቡስ ላይ ከልክ በላይ የተጫነ ሰው «ትርፍ ሰው» የሚባለው በዚህ ፍች ነው። ሁለተኛው ደግሞ ነጋዴ ወጥቶ ወርዶ፣ ደክሞና ለፍቶ በመጨረሻ የሚያገኘው ጥቅም ነው። በመጀመሪያው ፍች ትርፍ የሚጣል ነገር ሲሆን፣ በሁለተኛው ፍች ግን የድካም ሁሉ ግብ ነው። እንግዲህ «ትርፍ ጊዜ» በምንልበት ጊዜ የትኛውን ማለታችን ነው? አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን እንደምናስብ ከአኗኗራችን ይታወቃል። ተማሪው ከትምህርት የቀረችውን ሰዓት፣ ገበሬው ከእርሻ የቀረችውን ቀን፣ የቢሮ ሠራተኛው ከሥራ የቀረችውን ምሽት እንደ ጨርቅ ቁርጥራጭ ቆጥሮ በሆነው ባልሆነው ያሳልፋታል። «ጊዜ ማሳለፊያ» የሚለው አጠራራችንም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ከጊዜ የምንፈልገው ነገር ቶሎ ማለፉን ብቻ ይመስላል።

የዚህ ድርሰት አስተያየት ከዚህ የተለየ ነው። ትርፍ ጊዜ የሰው ልጅ ሙሉ ሰው ሆኖ ለመኖር የሚያስፈልገው ድርሻው ነው፤ ለተማሪም ቢሆን ከትምህርቱ የሚሰረቅ ሳይሆን ትምህርቱን የሚያጸና ነው። ይሁን እንጂ ይህ ድርሻ በማስተዋል ካልተያዘ ወደ ሥራ ፈትነት ይለወጣል፤ በፍትሕ ካልተከፋፈለም የአንዱ ዕረፍት በሌላው ጫንቃ ላይ የተጫነ ሸክም ይሆናል። ይህን ሐሳብ ለማብራራት የምንጠቅሳቸውን ምሳሌዎች በብዛት የምንወስደው ከምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይም ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ከሚገኙት ከቢቸናና ከሞጣ ከተሞች፣ እንዲሁም ከአካባቢያቸው ነው።

በመጀመሪያ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ በሚገባ ማዳመጥ ይገባል። በቢቸናም ሆነ በሞጣ ከሚማሩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። ከገጠር መጥተው፣ ሁለትና ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ወደ ወላጆቻቸው በእግራቸው ተመላልሰው ድርቆሽና በሶ፣ ሽሮና በርበሬ ተሸክመው ይመለሳሉ። ስንቁን ያዘጋጀችው እናት ከራሷ ጉሮሮ ከፍላ ነው፤ የቤት ኪራዩን የሚሰጠው አባት ምናልባት አንድ በግ ወይም ጥቂት ቁና ጤፍ ሸጦ ነው። እንዲህ ባለ መሥዋዕትነት የሚማር ልጅ አንዲት ሰዓት ለጨዋታ ሲያውል ኅሊናው ቢወቅሰው አያስደንቅም። የሚጠብቀው ፈተናም ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ሆኑ። በዚህ ምክንያት ብዙ ወላጆችና መምህራን፣ «በር እንዲህ በጠበበበት ዘመን ክራር መምታት፣ ኳስ መጫወት፣ ልብ ወለድ ማንበብ ለጠገበ ልጅ እንጂ ለድኻ ልጅ አይሆንም፤ ተማሪ ቀንና ሌሊት ማጥናት አለበት» ይላሉ።

ይህ አነጋገር ከፍቅርና ከሥጋት የመነጨ ስለሆነ በቀላሉ ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ስሕተት አለበት፤ ይኸውም የጥናትን ፍሬ በሰዓት ብዛት ብቻ መለካቱ ነው።

የዚህን አለካክ ስሕተትነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ያው ገበሬው አባት ራሱ ነው። ገበሬ በሬዎቹን ማለዳ ጠምዶ እስኪመሽ ድረስ ያለ ዕረፍት አያርስም። ፀሐይ በበረታ ጊዜ ቀንበሩን አውርዶ ይፈታቸዋል፤ ያግጣቸዋል፤ ያጠጣቸዋል። ይህን የሚያደርገው ለእንስሳቱ ስለሚያዝን ብቻ ሳይሆን፣ ዛሬ ያለ ልክ የደከመ በሬ ነገ ሞፈር እንደማይጎትት ስለሚያውቅ ነው። መሬቱንም የሚይዘው እንደዚሁ ነው። ማሳ የተረፈው ገበሬ አንዱን ክፍል ጾም ያሳድረዋል። ማሳው ጠቦት እንደ ልቡ ማረፍ ያልቻለው ደግሞ ጤፍን በጤፍ ላይ ደጋግሞ ከመዝራት ይልቅ ባቄላ፣ ሽምብራ ወይም ጓያ እያፈራረቀ ይዘራል። ባቄላ የተዘራበት መሬት በእርግጥ ሥራ አልፈታም፤ የሠራው ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። ነገር ግን እነዚህ ጥራጥሬዎች በሥሮቻቸው ላይ በሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ለአፈሩ ስለሚያተርፉ፣ በከርሞው የሚዘራው ጤፍ ከእነርሱ ይጠቀማል።

የሰው አእምሮም ሁለት ዓይነት ዕረፍት ያስፈልገዋል። አንዱ ጾም እንዳደረ መሬት ጨርሶ ማረፍ ነው፤ ይህም እንቅልፍ ነው። አእምሮ በእንቅልፍ ጊዜ ቀን የተማረውን እያደራጀ እንደሚያጸና በምርምር ተረጋግጧል፤ በእናንተ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣትም በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንደሚገባው የሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ሌሊቱን ሙሉ ደብተር ላይ አፍጥጦ ያደረ ተማሪ ጠዋት በመምህሩ ፊት የሚያንቀላፋ ከሆነ፣ ከሌሊቱ ያገኘውን በቀን መልሶ አጣው ማለት ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት የተነገረው ለእንዲህ ያለው ነው። ሁለተኛው ዕረፍት ደግሞ እንደ ሰብል ማፈራረቅ ያለ ነው፤ ማለትም ከተለመደው ሥራ ወጥቶ በራስ ፈቃድ የተመረጠ፣ ልብ የሚወደው ሌላ ሥራ መሥራት ነው። በአማርኛ «ዝንባሌ» የምንለው ይህንን ነው። ዝንባሌ ያለው ሰው እጁ ወይም አእምሮው አልቦዘነም፤ ሆኖም የሚያስገድደው አለቃ፣ የሚያስፈራው ፈተና ስለሌለ ሲሠራ ይታደሳል።

ይህ አስተሳሰብ ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም። ጎጃም የቅኔ አገር እንደ መሆኑ መጠን፣ የቅኔ ትምህርት አሰጣጥ ራሱ አእምሮ ጸጥታና ክፍት ሰዓት እንደሚፈልግ ያስተምራል። ከቢቸና የማይርቀው የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ከታወቁት የቅኔ መማሪያዎች አንዱ ነው። በቅኔ ቤት «ቆጠራ» የሚባል ሥርዓት አለ። ተማሪው ከመምህሩ ሰምቶ ሲያበቃ ወደ ሜዳ ወይም ወደ ጫካ ወጥቶ ለብቻው ይቀመጣል። ከዛፍ ሥር ኩርምት ብሎ ሰሙን ከወርቁ ለማስማማት ሲያስብ ይውላል። ከሩቅ የሚያየው መንገደኛ ሥራ የፈታ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ተማሪው በመጨረሻ ወደ መምህሩ ተመልሶ የቋጠረውን ቅኔ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ቆጠራ ዕረፍት ነው ለማለት አይደለም፤ ብርቱ ድካም ያለበት ሥራ ነው። ሆኖም የቀድሞ ሊቃውንት አእምሮ በጩኸትና በጥድፊያ መካከል ታስሮ አዲስ ነገር እንደማይወልድ ተረድተው፣ ለብቻ የሚቆዩበትን ሰዓት በሥርዓተ ትምህርታቸው ውስጥ አስገብተውታል።

በዚህ ትምህርት ካለፉት መካከል ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ይገኙበታል። በ1902 ዓ.ም. በጎጃም የተወለዱት ሐዲስ የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን ከተማሩባቸው ቦታዎች መካከል ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ይጠቀሳሉ። ከዚያ በኋላ የኖሩበትን የሕይወት ጎዳና ብንመለከት ጊዜ የሞላቸው ሰው አልነበሩም። መምህር ሆኑ፤ በጠላት ወረራ ጊዜ ዘምተው ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱና ዓመታትን በግዞት አሳለፉ፤ ከነጻነት በኋላ በዲፕሎማትነት በውጭ አገሮች፣ በሚኒስትርነትም በአገር ውስጥ አገለገሉ። መተዳደሪያቸው የመንግሥት ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ ተማሪ ሁሉ ስማቸውን የሚያነሣው በያዙት ሹመት ሳይሆን በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለዳቸው ነው። የዚህ መጽሐፍ ታሪክ ከሚፈጸምባቸው ቦታዎች አንዷ ደግሞ በልጅነታቸው የተማሩባት ዲማ ናት።

ከመደበኛው ሥራ ጎን ለጎን የተያዘ ዝንባሌ ለዓለም ሁሉ የተረፈበት ጊዜም አለ። በ17ኛው መቶ ዓመት ዴልፍት በተባለች የሆላንድ ከተማ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነበረ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የዚያ ዘመን ሊቃውንት ይጽፉበት የነበረውን ላቲንንም አያውቅም ነበር። ነገር ግን መስተዋት እየሞረደ አጉሊ መነጽር መሥራት ይወድ ነበር። በእጁ በሠራው መነጽር የኩሬ ውሃ፣ የጥርስ ቆሻሻና የመሳሰለውን ሲመለከት ከእርሱ በፊት ማንም ያላያቸውን ረቂቅ ሕዋሳት አየ፤ ያየውንም በገዛ ቋንቋው እየጻፈ በለንደን ለሚገኘው የሳይንስ ማኅበር ላከ። ዛሬ ባክቴሪያ የምንላቸውን ሕዋሳት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ይህ ጨርቅ ሻጭ ነው። ቀደም ሲል ያነሣናቸው፣ በባቄላ ሥር እየኖሩ መሬቱን የሚያለሙት ሕዋሳትም የዚሁ ወገን ናቸው።

እነዚህን ሰዎች የጠቀስነው ዝንባሌ ያለው ሁሉ ዝነኛ ይሆናል ለማለት አይደለም። እንዲያውም ዝናን ወይም ገንዘብን ብቻ አስቦ የተያዘ ዝንባሌ ውሎ አድሮ ሌላ ፈተና፣ ሌላ ጭንቀት ይሆናል። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። በፈተና ውጤት ብቻ ራሱን የሚመዝን ተማሪ ውጤቱ በወደቀ ቀን ራሱም አብሮ የወደቀ ይመስለዋል። በፈተናው የሚፈልገውን ነጥብ ያላገኘው ተማሪ ቁጥር ከፍ ብሎ በተጠቀሱት ዓመታት ከ100 ከ96 በላይ እንደ ነበረ አስታውሱ። ያ ሁሉ ወጣት ዋጋ የሌለው ነውን? አይደለም። ችግኝ ማጽደቅ የሚችል፣ ዋሽንት የሚነፋ፣ የተበላሸ ራዲዮ ፈትቶ የሚገጥም፣ ግጥም የሚቋጥር ልጅ ከውጤቱ ሌላ የሚቆምበት መሬት አለው። ሁለት እግር ያለው ሰው አንዱ ቢሰናከልበት በሌላው ይቆማል።

«በቢቸናና በሞጣ ምን መዝናኛ አለና ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የመዋኛ ገንዳ፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ትልልቅ አዳራሽ ባይኖርም ዝንባሌ የሚሠራው በገንዘብ ሳይሆን በፍላጎት ነው፤ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባል የለምን? ጥቂት ምሳሌዎችን እንመልከት።

አንደኛው የቃልና የታሪክ ስብስብ ነው። አያቶቻችሁ የሚናገሯቸው፣ በመዝገበ ቃላት የማይገኙ ስንት ቃላት አሉ? ስለ እርሻ መሣሪያ፣ ስለ ከብት መልክ፣ ስለ ዝናም ዓይነት የሚነገረውን ቃል ከነፍቹ በአንድ ደብተር መመዝገብ ወጪው አንድ እርሳስ ብቻ ነው። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ የሚገኘው ሰባራ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። መሐሉ ከተሰበረ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጎጃሜውና በጌምድሬው በገመድ እየተሳበ ይሻገርበት ነበር። በዚያ ገመድ የተሻገሩ አዛውንት ሳያልፉ የነገሯችሁን ብትጽፉ፣ ምናልባት ሌላ ማንም ያልጻፈውን ታሪክ ታተርፋላችሁ። በቢቸና ገጠር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጠላትን ስለ ተጋፈጠው ስለ ዐርበኛው በላይ ዘለቀና ስለ ተከታዮቹ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ወግም እንዲሁ ሰብሳቢ ይፈልጋል።

ሁለተኛው የተፈጥሮ ዕውቀት ነው። የባሕር ዛፍ ተክል ኮረብታውን በሸፈነበት በዚህ ዘመን ወይራው፣ ጽዱ፣ ዋንዛውና ኮሶው በብዛት ተጠብቀው የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። የአንዱን ደብር ዛፎች በስም መለየት፣ የሚያርፉባቸውን አዕዋፍ ማወቅ፣ ዘር ለቅሞ በጓሮ ማፍላት ለወራት የማይሰለች ሥራ ነው። በክፍል ውስጥ የተማራችሁት ሥነ ሕይወት በዚያን ጊዜ ከመጽሐፍ ወጥቶ ቅጠልና ሥር ያበቅላል።

ሦስተኛው የእጅ ጥበብና ጨዋታ ነው። ከሰንደዶና ከአክርማ ሌማትና አገልግል የምትሰፋ ልጅ ቀለማቱን ስታፈራርቅ፣ ሐረጉ ከክቡ ጋር እንዲገጥም ዙሩን ስትቆጥር በእጇ ጂኦሜትሪ እየሠራች ነው። ገበጣ የሚጫወቱ ሁለት ልጆች መሬት ላይ በተቆፈሩ ጉድጓዶችና በጥቂት ጠጠሮች አስቀድሞ ማስላትን ይማራሉ። ለገና የሚወጣው የገና ጨዋታ፣ በሜዳ ላይ የሚሮጠው የጨርቅ ኳስ፣ ከሸምበቆ የሚበጀው ዋሽንት ሁሉ ገንዘብ አይጠይቁም።

ይሁንና ጊዜ መኖሩ ብቻ ትርፍ ጊዜ አለ ለማለት አያበቃም። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፣ በኋላም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ተማሪዎች ጊዜ ሞላቸው፤ ነገር ግን አላረፉም። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ ቀኑ ሁሉ ባዶ ይሆንበታል እንጂ ዕረፍት አይሆንለትም። ዕረፍት ጣዕም የሚኖረው ከሥራ ጋር ሲፈራረቅ ነው። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» እንደሚባለው፣ ሥራ የሌለው ጊዜ ሰውን ወደ ከንቱ ነገር ይገፋዋል። በከተሞቻችን ተማሪውን የሚጠብቁት የጫት ቤት፣ የስፖርት ውርርድ ቤትና ማለቂያ የሌለው የስልክ ተንቀሳቃሽ ምስል ገበያቸው የሚደራው በእንዲህ ያለው ባዶነት ነው።

ታዲያ የሚያድሰውን ከሚያደክመው እንዴት እንለያለን? ሦስት ጥያቄዎችን ለራሳችሁ አቅርቡ። አንደኛ፦ ይህን ነገር ሠርቼ ስጨርስ ልቤ ታድሶ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁን ወይስ ከበፊቱ የባሰ ዝዬ? ሁለተኛ፦ በፈለግሁ ጊዜ ማቆም እችላለሁን? ኳስ የሚጫወት ልጅ ሲመሽ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የሚወራረድ ግን የጠፋውን ለማስመለስ ሲል ሌላ ይጨምራል። ሦስተኛ፦ የዚህን ዕረፍት ዋጋ የሚከፍልልኝ ማን ነው? ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ስለማይጠይቀው ጥቂት ልናብራራው ይገባል።

በገጠር ወር በገባ በ12፣ በ21፣ በ27ና በመሳሰሉት የበዓላት ቀናት፣ እንዲሁም በሰንበት እርሻ አይታረስም። አንዳንድ ሰው ይህን እያየ «ገበሬው ዕረፍት አብዝቷል» ይላል። ነገር ግን የሚያርፈው ማን እንደሆነ አስተውሎ መመልከት ያስፈልጋል። በበዓል ቀን በሬው ያርፋል፤ ሞፈሩ ይሰቀላል፤ ድስቱና እንስራው ግን አያርፉም። እንዲያውም እንግዳ ስለሚበዛ እናትና ሴት ልጅ ከሌላው ቀን ይልቅ ይደክማሉ። በከተማ በተከራዩት ክፍል ውስጥም ነገሩ ያው ነው። ወንድምና እኅት አብረው እየኖሩ በአንድ ክፍል ቢማሩ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እርሱ ኳስ ሜዳ ይወርዳል፤ እርሷ ውሃ ቀድታ፣ ወጥ ሠርታ፣ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ መሽቷል። ከዚያ በኋላ የምታጠናው በድካም ነው፤ የምትተኛውም አርፍዳ ነው። እንግዲህ ወንድሟ ኳስ የተጫወተባት ሰዓት ከየት የመጣች ናት? ከእኅቱ ቀን ተቆርሳ የተወሰደች ናት። እርሱ «ትርፍ ጊዜዬ» ይላታል፤ በእውነቱ ግን የሰው ገንዘብ ናት።

ስለዚህ ወንዶች ተማሪዎች ሆይ፣ እንስራውን ተሸከሙ፤ ጀሪካኑን አንሡ፤ ሽሮውን አንድ ቀን እናንተ ሥሩ። ይህ ውለታ አይደለም፤ ዕዳ መክፈል ነው። የሁለት ሰዓት ሥራ ለሁለት ሰው ሲከፈል አንዳንድ ሰዓት ይሆናል፤ የቀረችውን ሰዓት ሁለቱም ይካፈሏታል። እናንተም ሴቶች ተማሪዎች፣ ዕረፍት መጠየቅ ስንፍና እንዳልሆነ እወቁ። ስፌቱም፣ መጽሐፉም፣ ሩጫውም፣ ዝም ብሎ ከጓደኛ ጋር መጨዋወቱም የእናንተ ድርሻ ነው።

ይህ ድርሻ በሕግም የታወቀ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1948 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 24 ላይ ማንኛውም ሰው የማረፍና ትርፍ ጊዜ የማግኘት መብት እንዳለው ተደንግጓል። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 31 ዕረፍትንና ጨዋታን የልጆች መብት አድርጎ አስፍሯል፤ ወንድና ሴት፣ ሀብታምና ድኻ ሳይል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 42 የሠራተኞችን የዕረፍትና የትርፍ ጊዜ መብት ያረጋግጣል። የሕግ አውጪዎቹ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ሰው የተፈጠረው ለሥራ መሣሪያነት ብቻ አይደለም።

ከእንግዲህ የሚቀረው እንዴት እናድርገው የሚለው ነው። ቀኑ 24 ሰዓት አለው። ለእንቅልፍ 8፣ ለትምህርት ቤትና ለመንገድ 7፣ ለጥናት 3፣ ለምግብ፣ ለንጽሕናና በጋራ ለሚሠራ የቤት ሥራ 4 ሰዓት ብትመድቡ ድምሩ 22 ይሆናል። ሁለት ሰዓት ይቀራል። ከሁለቱ አንዱን ለመረጣችሁት ዝንባሌ፣ ሁለተኛውን ለወዳጅና ለጨዋታ አድርጉት። ትምህርት ቤታችሁ ሩቅ ከሆነ ወይም ቤተሰብ ሥራችሁን የሚፈልግ ከሆነ ሁለቱ ሰዓት ወደ ግማሽ ሰዓት ይወርድ ይሆናል፤ ቢሆንም አታጥፏት። የተመደበች ግማሽ ሰዓት ካልተመደበ ግማሽ ቀን ትበልጣለች። በዝንባሌያችሁም ብዙ ነገር አትጀምሩ፤ አንዱን መርጣችሁ ቢያንስ አንድ ዓመት ያዙት። ፈተና ሲደርስ የጥናቱን ሰዓት መጨመር ተገቢ ነው፤ ገበሬም በአጨዳ ጊዜ ሲመሽበት ያመሻል። ዓመቱን ሙሉ በአጨዳ ጥድፊያ የሚኖር ገበሬ ግን የለም።

ወላጆችና መምህራንም ድርሻ አላቸው። ልጁ ከደብተሩ ቀና ባለ ቁጥር «ምን ሥራ ፈተህ ትቀመጣለህ?» ከማለት ይልቅ ምን እንደሚወድ መጠየቅ ይሻላል። ትምህርት ቤቶችም የሥነ ጽሑፍ፣ የስፖርት፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ክበቦችን በስም ብቻ ሳይሆን በሥራ ቢያቋቁሟቸው፣ ክበቡ የሚሰበሰብበትንም ሰዓት ሴቶች ተማሪዎች ሊገኙ በሚችሉበት ጊዜ ቢያደርጉት፣ ውርርድ ቤቱን ከመኮነን የበለጠ ጥቅም ይሰጣል።

በዚህ ሳምንት አንዲት ሰዓት ምረጡ። በዚያች ሰዓት ምን ልታደርጉ እንደምትወዱ በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያም ሰዓቷ የራሳችሁ እንጂ ከሌላ ሰው የተወሰደች አለመሆኗን አረጋግጡ፤ ተወስዳ ከሆነ አስቀድማችሁ መልሱ።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. ጸሐፊው «ትርፍ» ለሚለው ቃል የሰጣቸው ሁለት ፍቾች ምንና ምን ናቸው?
2. ጾም ያደረ መሬትና ባቄላ የተዘራበት መሬት በምንባቡ ውስጥ የምን ምሳሌዎች ናቸው?
3. ትምህርት ቤት የተዘጋበት ተማሪ ትርፍ ጊዜ አለው ሊባል ያልቻለው ለምንድን ነው?

ለ. የሚከተሉትን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብታችሁ ጻፉ።
ዝንባሌ፣ ቆጠራ፣ ጾም ማሳደር፣ ከራስ ጉሮሮ መክፈል

ሐ. «ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ትርፍ ጊዜ አያስፈልገውም» በሚለው ሐሳብ ላይ በመደገፍ ወይም በመቃወም ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ በአንደኛው አንቀጽ ውስጥ በአግባቡ አቅርቡ።